አጥንት ከሥር፣ ዙፋን ከላይ
(ስለ ብሔራዊ ሙዚየም ትርኢትና ምርምር)

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ መንገደኛ አምስት ኪሎ ላይ የሚያገኘው ብሔራዊ ሙዚየም በአገሪቱ ካሉት መድረኮች ሁሉ ረጅሙን ተውኔት የሚያሳይ ነው። ተውኔቱ ከአምስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ይጀምርና በመሶብና በበገና ያበቃል። ተዋንያኑ ብዙ ናቸው፤ የአንዳንዶቹ አካል አንድ መንጋጋ ብቻ ነው፤ የአንዳንዶቹ ደግሞ ባዶ ወንበር። እንዲህ ያለውን ሥራ ለሕዝብ ያቀረበ ተቋም እንደ ማንኛውም የመድረክ ሥራ ሊታይና ሊመዘን ይገባዋል። ስለ ቅርስ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ግን ዘወትር ውዳሴ ነው። «የሰው ዘር መገኛ» የሚለው ቃል ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ስብሰባ አዳራሽ ሳይታክት ይነገራል። የሰው ዘር መገኛ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ማን እንዳወቀው፣ እንዴትስ እንደ ታወቀ የሚጠይቅ ድምፅ ግን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ስለ አቀማመጡ። ተመልካች ለአሥርት ዓመታት እንደሚያውቀው፣ የሙዚየሙ ምድር ቤት የቅሪተ አካል ነው። መሬት ላይ ያለው ወለል የጥንቱ ሥልጣኔና የነገሥታቱ ነው፤ የሐወልቲው ሐውልት፣ የአክሱም ዕቃዎች፣ አልባሳተ መንግሥት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትልቁ የእንጨት ዙፋን ከዚያ ናቸው። ከዚያ በላይ ሥዕሉ ይገኛል። ከሁሉም በላይ፣ እግር ከዛለ ዓይንም ከጠገበ በኋላ፣ የብሔር ብሔረሰቦች መገልገያ፣ ጌጥ፣ የጦር መሣሪያና የሙዚቃ መሣሪያ ተደርድሯል።

በትያትር ቋንቋ ይህ አራት ገቢር ያለው ሥራ ነው። ጉድለቱ አንዱ ገቢር ለሌላው ምክንያት አለመሆኑ ነው። ከምድር ቤቱ ደረጃ የሚወጣ ተመልካች በአሥር እርምጃ ውስጥ ከመቶ ሺህ ዓመታት በላይ ይዘላል፤ በዚያ ዝላይ ውስጥ ጤፍ ተዘርቷል፣ በሬ ተጠምዷል፣ ሸክላ ተሠርቷል፣ ቋንቋ ተፈጥሯል፤ ከእነዚህ ስለ አንዱም ደረጃው የሚነግረው ነገር የለም። ላይኛው ፎቅ ሲደርስ ሞፈሩንና ጋኑን ያገኛል፤ ነገር ግን እነዚህ ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡት ዘመን እንደሌላቸው ሆነው ነው። ዓመት የሚቆጠርለት ለአጥንትና ለዘውድ ነው። የሸማኔው መወርወሪያ፣ የሸክላ ሠሪዋ ጋን፣ የእረኛው ዋሽንት ከጊዜ ውጭ የቆሙ፣ ትናንትም ዛሬም ያው የሆኑ ይመስላሉ። ታሪክን የሚሠራው ሌላ፣ በታሪክ ውስጥ የሚኖረው ሌላ ነው ከማለት ይህ የሚለየው በጥቂት ነው፤ አዘጋጆቹ አስበውት ባይሆንም ቤቱ እንዲህ ይናገራል።

ከሁለቱ የታችኛው ወለል ትርኢቶች መካከል ማንም ሳያስተውለው የሚያልፍ አንድ ድንቅ ግጥምጥም አለ። ባዶው ዙፋን ባለቤቱን ያጣው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከሰባ ሦስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ስፍራ አሜሪካዊው ዶናልድ ጆሃንሰን ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ከአንድ ቁልቁለት ላይ የክርን አጥንት ቁራጭ አየ፤ ቀጥሎ የራስ ቅል ስባሪ፣ ቀጥሎ የጭን አጥንት። የአንዲት ፍጡር አካል 40 በመቶ ያህል እንደ ተገኘ የታወቀው ከሳምንታት ለቀማ በኋላ ነው። ከግኝቱ ዋዜማ፣ ኅዳር 14 ቀን ሌሊት፣ በአዲስ አበባ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሽነዋል። አንድ አገር በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በጥቂት ሳምንታት መካከል፣ የቅርቡን አባቶቹን በጅምላ ቀበረ፤ የሩቋን እናቱን ከመሬት አወጣ። ጸሐፌ ተውኔት ይህን ቢፈጥረው «አበዛው» ይባል ነበር። ዙፋኑና አጥንቱ ግን በአንድ ጣራ ሥር፣ አንዱ በሌላው ራስ ላይ ተቀምጠው፣ እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ዓመታት አሳልፈዋል። አንድ አጭር የግድግዳ ጽሑፍ፣ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ብቻ፣ ለዚህ ይበቃ ነበር።

ድንቅነሽን በተመለከተ ሁለተኛው ጥያቄ የአካሏ ጥያቄ ነው። በምድር ቤቱ የሚታየው ቅጂ ነው፤ አንዱ የተኛ፣ አንዱ የቆመ። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ የቆመው ቅጂ ትምህርት ቤት ከገባ ሕፃን አይበልጥም፤ ሰው ከትልቅነት ጠብቆ መጥቶ ትንሽነትን ሲያገኝ ዝም ይላል፤ ዝምታው ከሙዚየሙ የጥበብ ውጤቶች አንዱ ነው። እውነተኛው አጥንት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው፣ በዚያው ግቢ በብረት ካዝና ተቆልፎበታል። ብዙ ተመልካች ይህን ሲሰማ እንደ ተታለለ ይቆጥረዋል። ቅሬታው ግን ከዚህ አገር ልማድ ጋር አይሄድም። በየደብሩ ያለው ታቦት በመቅደስ ተሰውሮ የሚኖር ነው፤ ምእመኑ አይቶት አያውቅም፤ ክብሩም በዚህ አልቀነሰም። የሚሰባበር ነገር መሸሸጉ አግባብ ነው፤ ቅጂውም በጥንቃቄ የተሠራ ስለ ሆነ ለተመልካች ዓይን የሚጎድልበት ነገር የለም።

ነገር ግን ታቦት በየዓመቱ ይወጣል፤ የሚወጣውም ለራሱ ደብር ሰዎች ነው። የድንቅነሽ ጥምቀት የተከበረው ግን ከሁሉም በላይ በሂዩስተን ነው። በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ወደ አሜሪካ ተወሰደች፤ ሂዩስተን፣ ሲያትልና ኒው ዮርክን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ስትታይ ወይም ተቀምጣ ስትጠበቅ ኖራ ሚያዝያ 23 ቀን 2005 ዓ.ም. ተመለሰች። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ ከሰላም ቅሪተ አካል ጋር በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ቀረበች። በአገሯ ሕዝብ ፊት የወጣችባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአሜሪካው ጉዞ በጊዜው ብርቱ ክርክር አስነሥቷል፤ ስሚዝሶኒያንን የመሰለ ታላቅ ተቋም እንኳ ለአጥንቱ ደኅንነት ሲል አላስተናግድም ብሏል። የጉዞው ደጋፊዎች በበኩላቸው የአገር ስም ተጠራ፣ ገቢም ተገኘ ይላሉ። ለሁለቱም ወገን መልስ የሚሰጥ ሌላ ሐቅ አለ። ድንቅነሽ በጉዞዋ ላይ ሳለች በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አጥንቶቿ በኤክስሬይ ሲቲ መሣሪያ አንድ በአንድ ተነሥተዋል፤ በዚያ ሥራ የተገኙት ከሠላሳ ሺህ በላይ ምስሎች ለሳይንስ ከትርኢቱ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አላቸው። እንግዲህ ጉዞው ከነጉድለቱ ፍሬ አፍርቷል፤ የሚያሳፍረው ፍሬው ተመልሶ የአምስት ኪሎን ተመልካች አለመድረሱ ነው።

ከዚያ ምስል የተነሣው ክርክር ራሱ ለመድረክ የተዘጋጀ ነው። በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ የቴክሳሶቹ ተመራማሪዎች የድንቅነሽ ክንድና ትከሻ ስንጥቆች ከከፍታ ሲወድቅ እጁን የሚዘረጋ ሰው ስንጥቆች ናቸውና የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው አሉ። ጆሃንሰንና ሌሎች ደግሞ እንዲህ ያለ ስብራት በየአጋዘኑና በየጉማሬው ቅሪተ አካል ላይ ይታያል፣ በደለልና በድንጋይ ጫና የመጣ ነው ብለው ተቃወሙ። የዚህ አገር ሊቃውንት ለእንዲህ ያለው ነገር ከጥንት ጀምሮ ያዘጋጁት ቅርጽ አለ፤ እርሱም አንድምታ ነው። አንድም ከዛፍ ወደቀች፤ አንድም ከሞተች በኋላ ምድር ሰበራት። የትርጓሜ መምህር ሁለቱንም አስቀምጦ፣ ማስረጃውን አምጥቶ፣ የሚመዝነውን ለተማሪው ይተዋል። ሳይንስም በጤናው ጊዜ የሚሠራው እንዲሁ ነው። በአንጻሩ የሙዚየም መግለጫ እንደ ነጋሪት አዋጅ አንድ ቃል ብቻ የመናገር ልማድ አለው፤ ዘመን፣ ስፍራ፣ የላቲን ስም፣ ነጥብ። ተመልካቹ ዕውቀት በክርክር የሚገኝ መሆኑን ሳያውቅ ይወጣል። በየዋሻውና በየደብሩ አንድምታን ያኖረ ሕዝብ ለሁለት ትርጉም የሚጠበው አይደለም።

ከትርኢቱ ወደ ምርምሩ ሲሻገሩ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በዚህ ግቢ ውስጥ በእውነት ሊደነቅ የሚገባው የጥበብ ሥራ የሚከናወነው ተመልካች በማይገባባቸው ክፍሎች ነው።

የሰላም ነገር ለዚህ ማስረጃ ነው። በ1993 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከሐዳር ብዙም በማይርቀው በዲኪካ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ከአንድ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የምትመለከት ትንሽ ፊት አገኘ። ከፊቱ በስተኋላ ያለው አካል እንደ ሲሚንቶ በጠነከረ አሸዋ ተጣብቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጥርስ ሐኪም መርፌ በእጅ፣ ማጉያ መነጽር በዓይን፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በአንድ ጊዜ የማንሣት ሥራ ነው። የጎድን አጥንቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ወድቀው፣ አከርካሪው ከትከሻው ጋር ተቆላልፎ ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ እስኪወጣ፣ እስከ መስከረም 1999 ዓ.ም.፣ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ፈጀ፤ ጽዳቱም ከዚያ በኋላ ቀጠለ። ብራና የሚፍቅ ደብተራ፣ ወይም ጥበብ የሚጥል ሸማኔ፣ ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል።

ሰላም ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት። ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። የውጭ ጋዜጦች «የሉሲ ልጅ» ብለው ጠሯት፤ ነገር ግን ሕፃኗ ከ«እናቷ» አንድ መቶ ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማለች! የጋዜጣ ፍቅር እንዲህ ያለውን ስሕተት አይጠየፍም፤ ስሙም ሳይታረም በብዙ አፍ ይዞራል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከዚያች ጠንካራ አሸዋ ውስጥ የወጣችው ከምላስ ሥር የምትገኘው ቀጭን አጥንት ናት። ይህች አጥንት ከሌላ አጥንት ጋር ሳትያያዝ በጡንቻ ብቻ ተንጠልጥላ የምትኖር ስለ ሆነች በእንዲህ ያለ ዘመን ርቀት ተጠብቃ አትገኝም ለማለት ይቻላል። የሰላም ግን ተገኘች፤ ቅርጿም ከሰው ይልቅ ወደ አፍሪቃ ጦጣ አከል እንስሳት፣ ወደ ቺምፓንዚና ወደ ጎሪላ፣ የሚያደላ ሆነ። ስታለቅስ የሰው ልጅ ልቅሶ አልነበረም ማለት ነው። ሁለት እግሯ ግን መሬት ላይ ነበሩ። በእግር ሰው፣ በጉሮሮ አውሬ፤ መሄድ ከመናገር እጅግ እንደሚቀድም ይህች የጥፍር ጫፍ የምታህል አጥንት ትመሰክራለች። ድምፅን እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች፣ አዝማሪውም፣ ተዋናዩም፣ ሰባኪውም፣ ሙዚየሙን ለመሳለም ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልጋቸውም። ትርኢቱ ግን ይህን አጥንት ከሌሎቹ ለይቶ፣ ብርሃን አብርቶ፣ «ይህች የድምፅ አጥንት ናት» ብሎ አያውቅም።

የአርዲ ታሪክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ነው። በ1987 ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለው ስፍራ፣ ያኔ ወጣት ተመራማሪ የነበረው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የእጅ አጥንት ስባሪ አገኘ። ተከትሎ የወጣው አካል 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያለው፣ ሲነካ እንደ ዱቄት የሚበተን ነበር። አጥንቱ ከነአፈሩ ተቆርሶ፣ በጄሶ ተጠቅልሎ፣ አዲስ አበባ መጥቶ በዚህ ግቢ ተፈለቀቀ። ቡድኑ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ዝም ብሎ ሠርቶ በመስከረም 2002 ዓ.ም. በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በእነዚያ ዓመታት «ደበቁት» የሚል ሐሜት በዓለም ዙሪያ ነበር። ሥራው ሲወጣ ሐሜቱን የሚመልስ ሆኖ ተገኘ፤ ሆኖም ለዚያ ያህል ዘመን ሌላ ዓይን እንዳያየው መደረጉ አሁንም የሚያከራክር ነው፤ ክርክሩም ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ መታወስ ያለበት ሌላ ታሪክ አለ። ድንቅነሽ ከተገኘች በኋላ ለጥናት ወደ ክሊቭላንድ ተወስዳ እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስ የቆየችው በዚያ ነው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን አጥንት የሚያክም፣ የሚለካ፣ የሚያስቀምጥ ክፍልም ባለሙያም በአገር ውስጥ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ የቅሪተ አካል ጉዞዎችን አገደ፤ እገዳው እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ዘለቀ። የውጭ ተመራማሪዎች ያን ዘመን ስለ ጠፋው ጊዜ እያዘኑ ይናገሩለታል። ይሁንና ከዚያ በኋላ ሜዳውን የሞሉት ስሞች እነማን እንደ ሆኑ ማየት ይበቃል፤ ብርሃነ አስፋው፣ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፣ በጎና 2.6 ሚሊዮን ዓመት የቆየውን የድንጋይ መሣሪያ ያጠናው ስለሺ ሰማው። ዛሬ አዲስ ዝርያ የተሰየመበት አጥንት ሁሉ አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ ሊያየው የሚፈልግ የበርክሌይም የቶኪዮም ሊቅ ወደ አምስት ኪሎ ይመጣል። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ቅጂው ወደ ውጭ ሲሄድ ዋናው እቤት ሲቀር በዚህ አህጉር ዘወትር የሚታይ ነገር አይደለምና።

ነገር ግን አጥንቱ ቢመለስም ቃሉ አልተመለሰም። ግኝቱ ሁሉ በለንደንና በዋሽንግተን መጽሔቶች፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሊቃውንት ይወጣል። አማርኛ አንባቢ የሚደርሰው የአንድ ቀን ዜና ነው፤ አፋርኛ አንባቢ ይህም አይደርሰውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ላይ ያለው ምፀት የሚከብደው አፋርኛ ከእነዚህ አጥንቶች ጋር ባለው ዝምድና ነው። የዝርያዎቹ ስሞች ይጠሩ። ራሚዱስ ከአፋርኛው «ራሚድ» የመጣ ነው፤ ሥር ማለት ነው። አርዲ ምድር ነው። ጋርሂ ያልተጠበቀ፣ የሚያስደንቅ ማለት ነው። ካዳባ የዘር አባት፣ የቤተሰብ ጥንት ነው። በሄርቶ የተገኘው፣ 160 ሺህ ዓመት ያለው የዘመናችን ሰው ኢዳልቱ ተብሏል፤ ሽማግሌ፣ ታላቅ ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. የተሰየመው ደይረመዳ የቅርብ ዘመድ ነው። ሥር፣ ምድር፣ ድንቅ፣ አባት፣ ሽማግሌ፣ ዘመድ፤ እነዚህን ስድስት ቃላት በተከታታይ ያነበበ ሰው ሳይንቲስቶች ሳያስቡት አንድ ግጥም እንደ ጻፉ ያያል። የግጥሙ ቋንቋ የግመል አርቢው ቋንቋ ነው። በዓለም ላይ የሰውን ጅማሬ የሚያጠና ማንኛውም ተማሪ፣ ጃፓናዊም ይሁን ብራዚላዊ፣ ሳያውቀው አፋርኛ ይናገራል። ሙዚየሙ ግን ስሞቹን በላቲን ፊደል ጽፎ ይተዋቸዋል፤ ትርጉማቸው ለተመልካቹ ቢነገረው አንድ መስመር ቦታ ብቻ ይወስድ ነበር።

ከቃላቱ ባለቤቶች ቀጥሎ ዓይኖቹ አሉ። በ2008 ዓ.ም. የካቲት በወራንሶ ሚሌ አሊ በሬይኖ የተባለው የአካባቢው አፋር ሠራተኛ አንድ የላይኛ መንጋጋ አገኘ፤ ከእርሱ ጋር የተጋጠመው የራስ ቅል 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያለው፣ የድንቅነሽ ዝርያ ቀዳሚ የሆነው የአናሜንሲስ ሙሉ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ዜናው ሲወጣ ስሙ ተጠርቷል። ይህ መልካም ጅማሬ ነው። ከእርሱ በፊት በሃምሳ ዓመት ውስጥ በፀሐይ ተቃጥለው፣ መሬቱን እንደ መዳፋቸው አውቀው፣ «እዚህ አጥንት አለ» ብለው ጉዞውን የመሩ ስንት ናቸው? ፊልም ሲያልቅ መብራት ያበራው ሠራተኛ እንኳ ስሙ በሸራው ላይ ያልፋል። የአምስት ኪሎው ተውኔት ግን የሠራተኞቹን ዝርዝር ሳያሳይ መጋረጃውን ይዘጋል።

ወደ ጥንቱ ሥልጣኔ ክፍል ሲመጣ ሒሱ ይለዝባል፤ ዕቃዎቹ ራሳቸው ለራሳቸው ይከራከራሉና። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአክሱም አቅራቢያ ከሐወልቲ የወጡት ሁለቱ የኖራ ድንጋይ ሥራዎች፣ የተቀመጠችው ሴትና ዙፋን መሰሉ መቅደስ፣ የትም አገር ቢሆኑ የቤቱ ኩራት ይሆኑ ነበር። ሴቲቱ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ ልብሷ ከላይ እስከ ታች በሽንሽን ወርዶ፣ ማንንም ሳትጠብቅ ትጠብቃለች። በመቅደሱ ላይ የተቀረጹት ዋልያ የሚመስሉ ፍየሎች ረድፍ ይዘው ተኝተዋል፤ ከጎኑ ደግሞ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ግዙፍ ዓይነ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ ተከታትለው ይሄዳሉ። ከአንዱ ራስ በላይ ረ፣ ፈ፣ ሰ የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻ ተቀርጸዋል። ሦስት ፊደላት ያለ አናባቢ፤ ስሙን ማንም በእርግጠኝነት አያነበውም። ዙፋኑ ለማን እንደ ሆነም እንዲሁ። ከአንድ ክፍል ርቀት ላይ የሚቆመው የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ከሁሉ ይልቅ የሚነበበው ከዚህ ጋር ሲታይ ነው፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ በመካከላቸው ከሁለት ሺህ ዓመት የበለጠ ጊዜ አለ።

ንጽጽር ካስፈለገ ሩቅ መሄድ አያሻም። ዳገቱን ወጥቶ ስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል። ያ ሙዚየም ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ወይም በዓይነት አልደረደረም፤ በሰው ልጅ ዕድሜ ነው ያደራጃቸው። ልደትና ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ። የሐመሩ የራስ መደገፊያ፣ የኮንሶው የመቃብር ምስል፣ የደገኛው የልጅ ማዘያ በአንድ ሕይወት ውስጥ ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ፤ ተመልካቹም የራሱን ዕድሜ እየተራመደ እንዳለ ይሰማዋል። ይህ አዘጋጅ ያለው ሥራ ነው። ከደጁም ፋሽስቶች ለሥልጣን ዘመናቸው ቁጥር አንዳንድ እርከን የደረቡበት፣ የትም የማያደርሰው ደረጃ ቆሟል፤ ከድል በኋላ ከጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። አንድም ቃል ሳይጨመርበት ይህ ሁሉን ይናገራል። እርግጥ ስድስት ኪሎም የንጉሡን መኝታ ቤት ከሕዝቡ ዕቃ አጠገብ ሲያቆይ የራሱ ጥያቄ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ እዚያ ጥያቄው ይታያል።

የቀረው የተፈጥሮ ነገር ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ስለ ቅሪተ አካል ሲናገር ሰውንና የሰውን ዘመዶች ብቻ ያስቀድማል። የአርዲ ቡድን ግን ያን ሁሉ ዓመት የደከመው ለአንዲት አካል ብቻ አልነበረም። ከአራሚስ አፈር ከአንድ መቶ ሺህ በላይ የእንስሳትና የእፅዋት ቅሪት ለቅሟል፤ የጉሬዛ ዘመዶች ጥርስ፣ የአጋዘን ቀንድ፣ የወፍ አጥንት፣ የአይጥ መንጋጋ፣ የእንጨት ቁራጭና የዛፍ ፍሬ። የሰው ዘር ሁለት እግር ያወጣው ዛፍ በሌለበት ሣራማ ሜዳ ላይ ነው የሚለውን፣ በየመማሪያ መጽሐፉ የነበረውን ሐሳብ ያናወጠው ይህ ክምር ነው። አርዲ የኖረችው ሾላና ዘምባባ ባለበት ጫካ ነበር፤ እዚያው ጫካ ውስጥም ቆማ ትሄድ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት ዛፉ የተባለውን ያህል አልበዛም ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የሚከራከሩትም በዚሁ ጥርስና በዚሁ ፍሬ ነው። ያ ሁሉ ግን ከመሳቢያ ውስጥ ነው። ከአርዲ ቅጂ አጠገብ በአንዲት ትንሽ የመስታወት ሳሕን ላይ ጥቂት የደነገዩ ፍሬዎችና አንድ የጉሬዛ ጥርስ ቢቀመጡ፣ ከሥራቸውም በአማርኛና በአፋርኛ «ይህን ትበላ ነበር፤ ይህ ከራሷ በላይ ይዘል ነበር» ተብሎ ቢጻፍ፣ ለዚያ የሚበቃ ስፍራ በምድር ቤቱ አለ።